የምክር ክፍሉ ለማዳም ደወለ

መርሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለጥሩወርቅ፣

በሰው አገር የሚያቆምሽ አምላክ ጥላው አይለይሽ። እኛ ለስሙ ምስጋና ይግባውና አለን። እናትሽ ወገቤን ከማለቷ በቀር ደህና ናት።

ነገሬን በጥፋቴ ልጀምር። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቄሻለሁ። ከገበያው ጀርባ ስለተከፈተው የስደተኞችና የአሠሪዎች ምክር ክፍል በስልክ የጠየቅሽኝ ጊዜ «እኔ ጎሚስታ፣ ጎማ ለጣፊ፤ የመንግሥት ቢሮ ከየት አውቄ» ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው። ክፍሉ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የሽማግሌ አማካሪ ሆኜ እቀመጥበታለሁ። ሰበካ ጉባኤው ነው መርጦ የላከኝ። የደበቅሁሽ ዘመድ ሁሉ «የእገሊትን ጉዳይ አስቀድምልኝ» እያለ ደጄን እንዳያጣብበው ፈርቼ ነው። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁ። ትንሽ ናት ብዬ ዘለልኋት። አክስትሽ የሻረግ በሕይወት ብትኖር «ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ከዘመድ የምትሸሸው?» ብላ ታሳፍረኝ ነበር። ካረፈች ወዲህ የሚያሳፍረኝ ሰው የለም፤ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም እንዲህ የሆንሁ።

አሁን ያወጣሁት ግን ጉዳይ ስለመጣ ነው። ከወልድያ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው። አገልግሎቱ ለማን ምን ጠቀመ የሚለውን ያጣራሉ። እያንዳንዳችንም ውጭ ያለ ዘመድ ጠይቀን መልስ እንድናመጣ ታዘናል። እኛ ሽማግሌዎች ስም አይነገረንም። «ይህን ያህል ቅሬታ መጣ፣ ሁሉም በእርቅ ተፈታ» ይሉናል፣ «እሰይ» ብለን እንነሣለን። ስለዚህ አንቺ ደውለሽ ታውቂ እንደሆን አላውቅም። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ደውለሽ ታውቂያለሽ? ቶሎ መለሱልሽ? ምክሩ ጠቀመሽ? አሠሪሽስ ተጠቀመች? መልሱ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ከሚሉት አንዱ ነው። የአሠሪዋ ነገር ግር አይበልሽ፤ ክፍሉ የሚመክረው ሁለቱንም ነው። አሠሪዎችም እየደወሉ «ልጅቷ ምን ትበላለች፣ ጾሟ መቼ ነው» ይላሉ ብለውናል። ደግ ነገር ነው።

ይህን ወረቀት የስልክ ቤቷ ሰላማዊት ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ እንደዚያው ላኪ። በስልክ ቃሌ ይጠፋብኛል፤ አንቺም ሰው አጠገብሽ ሲኖር «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር አታወሪም።

ለመሆኑ ዮርዳኖስን አየሽው? ጌታ የተጠመቀበት ውኃ አገር ናት ብዬ ሳስብ ልቤ ያርፋል። አክስትሽም «ሂጂ» ያለችሽ የወንዙን ስም ሰምታ ነው።

የአክስትሽ ባል፣ ገዛኸኝ


አማን፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለጋሼ ገዛኸኝ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? እኔ አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት በዙልፋ ስልክ ነው። ዙልፋ የግራናዋ የእትዬ አሲያ ልጅ ናት፤ የምትሠራው የማዳሜ እህት ቤት ነው። ዓርብ ዓርብ ቤተሰቡ እኛ ቤት ሲሰበሰብ ልጆቹን ይዛ ትመጣለች፤ ወጥ ቤት እንገናኛለን። ሰላማዊት በእኔ ቁጥር ልካ መልስ ስታጣ እናቴ የዙልፋን ቁጥር ሰጠቻት። የእኔ ስልክ ከነሐሴ ጀምሮ ማዳም ጋ ነው። እናቴ «ተበላሽቶባት ነው» የምትለው እንደዚያ በይ ስላልኳት ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ደውዬ አውቃለሁ። አንዴ፣ በፍልሰታ ጾም። ያነሣው ወንድ ነው፤ የእኛ አገር ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። «አይዞሽ እህቴ፣ ሳታፍሪ፣ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ» አለኝ። የአገሬን ድምፅ ስሰማ እንባዬ ቀደመኝ። ነገርኩት። ውሌ ለአንድ ቤት ነው፤ የማጸዳው ግን የማዳምን፣ የእናቷንና የወንድሟን ቤት ነው። በረኪናው እጄን ልጦታል፤ ጣቶቼ አይታጠፉም። ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው። ከዚያ እንደ ሞኝ ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኩት። ሐሙስ ጠዋት ወደ እናቷ ቤት ሲሄዱ የኋላው በር ቁልፍ ዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ እንደሚቀር፣ በዚያ ወጥቼ በታክሲ ኤምባሲ ልሄድ እንደሆነ። የማዳምን ስልክ ቁጥር ተቀበለኝና «በጣም ጥሩ፣ እኛ እናየዋለን» አለኝ።

በማግስቱ ማዳም ሳሎን ጠራችኝ። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ድምፁን ከፍታዋለች። ያው ሰውዬ ነው። በአረብኛ ያወራታል፤ ጎበዝ አረብኛ ተናጋሪ ነው። ጋሼ፣ ቁልፉን ሳይቀር ነገራት! ዳቦ ማስቀመጫውን ሳይቀር! እኔ እዚያው ቆሜ እየሰማሁ። ሲጨርስ ወደ አማርኛ ዞሮ፣ «በይ እህቴ፣ እሷም ተቀይማለች፣ አንቺም ተቀይመሻል፤ ይቅር ለእግዜር ተባባሉ» አለኝ። የማዳምን ፊት አየሁ። «በይ እንጂ፣ ሌላ ስልክ እየጠበቀኝ ነው» አለ። «ይቅር ለእግዜር» አልኩ። እሷ «ኸላስ» አለች፤ አለቀ ማለቷ ነው። እሱ «እሰይ! ሰላም ያውርድላችሁ» ብሎ ዘጋው።

ማዳም አልጮኸችም። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ ቁልፉን አውጥታ በክር አንገቷ ላይ አሰረችው። ስልኬንም ወሰደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀሐይ የማየው በመስኮት ነው።

እንግዲህ ቶሎ መለሱልሽ ወይ ለሚለው፣ በማግስቱ ነው፤ ከዚህ በላይ ፍጥነት አይገኝም። አሠሪሽ ተጠቀመች ወይ ለሚለው «በጣም ጥሩ» ብለው ይሙሉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ያንን ሰው እንዲህ አድርግ ያለው ማን እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ክፉ ሰው አልመሰለኝም። ከራሱ ያመጣው ነገር አይመስለኝም።

ወንዙን አላየሁትም። በመስኮቴ የሚታየው ሌላ ፎቅ ነው።

ልጅዎ፣ ጥሩወርቅ


መርሳ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለልጄ ለጥሩወርቅ፣

የታሰሩትን የሚጎበኝ ጌታ አንቺንም ይጎብኝሽ። ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም።

ሰላማዊት ደብዳቤሽን በወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ሱቋ በር ላይ ቆሜ አነበብሁት። ዳቦ ማስቀመጫው ጋ ስደርስ ጀሪካን ላይ ተቀመጥሁ። ሰላማዊት ሮጣ መጥታ «ጋሼ፣ ማን ሞተ?» አለች። «ማንም» አልኋት። ውኃ ሰጠችኝ፤ ጾም መሆኑን ረስቼ ጠጣሁት።

ሦስቴ አነበብሁት። እኔ በዚያ ነሐሴ ውስጥ ተሰብስበን «ሁሉም በእርቅ ተፈታ» ሲሉን ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። ያጨበጨብሁት ላንቺ ነበር ማለት ነው። ይህ እጄ።

በነጋታው ሥራዬን ዘግቼ ወደ ክፍሉ ሄድሁ። ስልኩን የሚያነሣው አስፋው ይባላል። ሪያድ ሾፌር ሆኖ ኖሮ የተመለሰ ልጅ ነው፤ አረብኛውንም ከዚያ ነው ያመጣው። ተጫዋች ነው፤ እናቱን የሚጦር፣ ሰው የሚወደው።

«ጋሼ! ዛሬ መርሳ ውስጥ ጎማ የተነፈሰበት የለም እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

«አስፋው፣ የተበዳይዋን ምስጢር ለበዳይዋ ትነግራለህ?»

«ኧረ ጋሼ! ሽምግልና ውስጥ ምን ምስጢር አለ? ፊት ለፊት አፋጥጠን ነው የምናስታርቃቸው። ያልተፈታ ጉዳይ አንድ እንኳ የለንም። ወልድያዎች ከእኛ ሊማሩ ነው።»

«በር ቆለፈችባት እኮ!»

«ማን? በማን ላይ?»

ስምሽን ልጠራ አፌን ከፈትሁ። ወዲያው ደግሞ ስልኩን አየሁትና ዘጋሁት። መልሶ ቢደውልላትስ?

አስፋው ሳቁን ተወና ትክ ብሎ አየኝ። አንድ ነገር አለኝ።

ያለኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ነጠላዬን ወንበሩ ላይ ረስቼ ነው የወጣሁ። እስከዚያው በረኪናውን በባዶ እጅሽ አትንኪ፤ ላስቲክ ቢጤ ካገኘሽ እጅሽ ላይ እሰሪ። ማታም ቅባት ቀቢው።

ገዛኸኝ


አማን፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለጋሼ ገዛኸኝ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። እዚህ በዓሉ መድረሱን ያወቅሁት ዙልፋ ስለነገረችኝ ነው። እስላሟ ለክርስቲያኗ!

ደብዳቤዎ መሐል ላይ ቆሞብኛል። አስፋው ምን አለዎ? እርስዎ ጀምሮ የሚያቋርጥ ሰው አልነበሩም። አክስቴ «ጋሼሽ ወሬ ከጀመረ ወጥ ያሳርራል» ትል አልነበረም እንዴ? ፎቶውን በጣቴ ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ሌላ ገጽ ፈለግሁ። የለም። ምን ተደብቆብኝ ነው? ልጅቷ ትደነግጣለች ብለው ከሆነ፣ መደንገጡን ጨርሼዋለሁ።

አሁን ግን ከዚያ የሚብስ ነገር አለ፤ ቶሎ ይድረሱልኝ። ዙልፋ ችኩል ናት። እጄን አይታ አልቅሳ ለእናቷ ደወለች። እትዬ አሲያ «መርሳ ሄጄ ምክር ክፍል እከሳለሁ፤ የጥሩወርቅንም የልጄንም ጉዳይ ባንድ ላይ አስይዛለሁ» ብላለች። ዙልፋንም ደሞዟን ከልክለዋት ነበር። ጋሼ፣ ያስቁሟት! ከከሰሰች ያ ሰውዬ ለዙልፋ ማዳም ይደውላል። በማግስቱ ዙልፋ ስልክ የላትም። እኔም ከዚያ በኋላ የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። የእናቴን ድምፅ የምሰማበት ቀዳዳ ይህች ልጅ ብቻ ናት።

እጄ ተቆጥቷል። ግራው ይሻላል። ይህን የምጽፈው በግራ ነው፤ ጽሕፈቱን አይታዘቡኝ።

ልጅዎ፣ ጥሩወርቅ

አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ! ዙልፋ ነኝ። ፎቶ የማነሣበት ክፍያዬ አንድ ካርቶን የመርሳ ማንጎ ነው። አገሬ ስገባ እቀበላለሁ፤ እንዳይክዱኝ። እማዬን ያዟት፤ ከተናደደች አትመለስም።


መርሳ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለጥሩወርቅ፣

ልጄ ለማለት ዛሬ አፌን ይዞኛል። ደብዳቤውን ስትጨርሺ ምክንያቱ ይገባሻል።

መንገዱም ኔትወርኩም ተዘግቶ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከጥምቀት በኋላ ነው። ያን ዕለት ደግሞ ገበያ ነበር። አሲያ በገበያ ቀን ከግራና መውጣቷ አይቀርም ብዬ የአይሱዙ ጎማ ፈትቼ መሬት ላይ እንዳጋደምሁት ትቼ ሮጥሁ። ሾፌሩ ከኋላዬ «ሰውዬ! ጎማዬስ?» እያለ ይጮኻል። አሲያን ያገኘኋት ከባጃጅ ወርዳ የምክር ክፍሉን በር ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ ነው።

«አሲያ፣ ተመለሽ!»

«እንዴ! ጋሽ ገዛኸኝ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ እዚህ ውስጥ የሚቀመጡት? ሰው ከራሱ ቢሮ ይከለክላል?»

«ዛሬ እከለክላለሁ።»

«ወላሂ ጎማ ሲነፉ አየሩ ወደ ራስዎ ገብቷል! ይልቀቁኝ፣ ልጄ እያለቀሰች ነው!»

ገበያተኛው ሳቀ። እኔ በሩን ተደግፌ አላሳልፍ አልኋት። ወደ ጥላው ወስጄ ደብዳቤሽን አነበብሁላት። የቁልፉ ነገር ላይ ስደርስ «ያ ረቢ» ብላ አፏን በሻርፗ ያዘች። አልገባችም። ዙልፋ ስልኳ እጇ ላይ ነው። ይህን አትርሺብኝ፤ የሚቀጥለውን ስታነቢ።

አስፋው ያን ቀን ያለኝ ይህ ነው፤ «ጋሼ፣ ይህን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ክፍሉ የተከፈተ ዕለት ድንኳን ተጥሎ፣ ከዞንም ከወረዳም ሰው ተሰብስቦ ነበር። ልጃገረዶቹ ከባሕር ማዶ ቅሬታ ሲያቀርቡ ምን ይደረግ ተብሎ ተጠየቀ። አንድ ወጣት ባለሙያ ተነሥቶ «ቃላቸው በምስጢር ይያዝ፤ ያለ ፈቃዳቸው ለማንም አይነገር» አለ። እኔ እጄን አወጣሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምሁ። «እኛ ወሎዬዎች ከሳሽን ብቻውን ሰምተን አናውቅም። አሠሪዋንም ጥሯት። ሁለቱን አፋጥጣችሁ አስታርቁ። በቤት ውስጥ ነገር ኤምባሲ ምን አገባው?» አልሁ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ልጁ አቀርቅሮ ተቀመጠ። በወሩ በበሩ ላይ «ሁለቱን ሰምተን እናስታርቃለን» ብለው በሰማያዊ ቀለም ጻፉት። ባለፍሁ ቁጥር አየው ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። እግዚአብሔርን በሽምግልና የማገለግለው ይመስለኝ ነበር።

ያንን ሰው እንዲህ አድርግ ያለው ማን ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የት ላይ እንደሳትሁ ስፈልግ ነው የሚነጋው። ብዙ ሰው አስታርቄያለሁ፤ በድንበር የተጣሉ፣ በከብት የተጣሉ። እነዚያ እርቁ ሲያልቅ እያንዳንዳቸው ወደየቤታቸው ነው የሚገቡ። አንቺ ስትታረቂ የምትገቢበት ቤት የእርሷ ነው። በሩም፣ ቁልፉም፣ ስልኩም የእርሷ። ይህችን ታህል ነገር ሳላስብ ነው ሕዝብ ፊት የተናገርሁ።

ካወቅሁም በኋላ ደብቄሻለሁ። እንደ አባቶቻችን ወግ ድንጋይ ተሸክሜ እናትሽ ደጅ ልውደቅ። አንቺ ፍቀጂልኝ እንጂ ነገ አደርገዋለሁ።

ገዛኸኝ


አማን፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለአቶ ገዛኸኝ፣

ጋሼ ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። እንግዲህ እንደዚህ ይቅር።

ዙልፋ በመጣች ቁጥር «ዛሬም አልጻፍሽም?» ትለኛለች። ወጡን ማማሰሌን እቀጥላለሁ። ምን ልጻፍ? እርስዎ ነበሩ? ያንን ሰው ያዘዘውን ሰው ስረግም ነው የከረምኩት። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ደግሜ፣ አሜን ካልኩ በኋላ እረግመዋለሁ። እግሩ ይሰበር፣ ቤቱ ይዘጋ እያልኩ። እርግማኔ ለካ መርሳ ድረስ ሄዶ እርስዎ ላይ ሲያርፍ ኖሯል። የተሸኘሁ ጠዋት በአውቶቡስ መስኮት ዳቦ ያቀበሉኝ ሰውዬ! ደንግጬ ሳህን ከእጄ ወደቀ፤ እሱንም ከደሞዜ ቆረጠችው።

እትዬ አሲያን ማስቆምዎን አልረሳሁም። እሱን መርሳት ብችል ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ድንጋዩን ይተዉት። እናቴ ድንጋይ ምን ያደርግላታል? ያውቁታል እኮ እንዴት እንደሚሆን። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ እናቴ «ኧረ በስመ አብ፣ ተነሡ» ትላለች። እርስዎ ቀልሎዎት ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ በአፌ ሳልል ይቅር አልኩ ማለት ነው። አንዴ በስልክ አስብለውኛል፤ ሁለተኛ አልልም።

ሰው መሐል ቆመው የተናገሩትን ሰው መሐል ቆመው ይመልሱት። ያጨበጨቡልዎት ባሉበት። ከዚያ በፊት አይጻፉልኝ።

ይህን የምለው ለኩራት አይደለም፤ ጊዜ የለኝም። እኔ በሁዳዴ፣ እነሱ በረመዳን፤ ሌሊቱን ሙሉ ምግብ ስሠራ አድራለሁ። ዒድ ሲያልፍ ማዳም ለአጎቷ ልጅ ልትሰጠኝ ነው፤ ዐቃባ የሚባል ሩቅ ከተማ። እንደ ዕቃ ነው የምትሰጠኝ፤ አልጠየቀችኝም። ዙልፋ እዚያ አትመጣም።

ጥሩወርቅ


አማን፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለጋሼ ገዛኸኝ፣

ወጥቻለሁ።

ይህን የምጽፈው ከኤምባሲው መጠለያ ነው። ጠባብ ነው፤ አንድ ፍራሽ ላይ ሦስት ሆነን ነው የምንተኛ። ግን በሩ ከውስጥ ነው የሚዘጋው። በመጀመሪያው ማታ ተነሥቼ ከፍቼ ዘጋሁት፣ ከፍቼ ዘጋሁት። አንዷ ልጅ «አንቺ፣ በሩን ልትገነጥይው ነው?» ብላ አሳቀችን።

የሆነው እንዲህ ነው። ከዒድ በፊት ባለው ዓርብ ዙልፋ ስልኳን በድስት ክዳን ሸፍና ወጥ ቤት አቀበለችኝ። ሴት ናት፤ ከኤምባሲ። «ጥሩወርቅ ነሽ? ብቻሽን ነሽ? እንድንመጣ ትፈልጊያለሽ? ካልፈለግሽ አንመጣም፤ መደወላችንንም ማንም አያውቅም» አለችኝ። ጋሼ፣ ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ትፈልጊያለሽ ወይ ያለኝ ሰው የለም። ዙልፋ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ኑ» አልኩ።

ከፖሊስ ጋር መጡ። ማዳም ፓስፖርቴን ወለሉ ላይ ጣለችው፤ ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። ዙልፋ ምንም እንደማያውቅ ሰው ዓይኗን አፍጥጣ «ያ ሐራም! ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» ስትል ልስቅባት ነበር። እስካሁን ማንም አልጠረጠራትም።

ሐኪም እጄን አይቶልኛል። ሁለቱ ጣቶች እንደ ድሮው አይሆኑም አለ። ደሞዜን ገና እየተከራከሩልኝ ነው።

እናቴን አገኘኋት። «ገዛኸኝ ወልድያ አዳራሽ ገብቶ ጉድ ሠራ» ትለኛለች፤ ግማሹን ታለቅሳለች፣ ግማሹን ትዘልለዋለች፤ ምንም አልያዝኩም። ይቅር አልኩዎ አላልኩም። ያንን በራሴ ጊዜ አስብበታለሁ። ግን ይጻፉልኝ። ምን አደረጉ?

ጥሩወርቅ


መርሳ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለጥሩወርቅ፣

ያወጣሽ አምላክ ስሙ ይመስገን። በሕማማቱ ዋዜማ ይህን ስላሰማኝ ከዚህ በኋላ ምንም አልለምነውም። ጣቶችሽን ግን ከአሳቤ ማውጣት አልቻልሁም። ጎማ ስይዝ አያቸዋለሁ። ይቅርታውን አንቺ እንዳልሽ፤ በራስሽ ጊዜ። ላይመጣም ይችላል፤ እርሱንም አውቄዋለሁ።

በበሩ ላይ የነበረውን ጽሑፍ አስፋው ራሱ ቀለም ገዝቶ አጠፋው። አሁን ልጅቷ በአፏ ካላለች ለአሠሪ መደወል ተከልክሏል። የከለከለችው የሺ የምትባል የወልድያዋ ገምጋሚ ናት።

ገምጋሚዎቹ ይመጣሉ ሲባል እኛኑ ጠሩን፤ ወልድያ የሄድነው መጋቢት 17 ነው። ሲሪንቃ ላይ ፍተሻ ነበርና ወርደን ቆምን። አስፋው ከእኔ ኋላ ሆኖ በአዲስ ኮቱ ላይ አቧራ ያራግፋል። «ጋሼ፣ ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው» ይለኛል። ሊያሾፍብኝ አይደለም። አልነገርሁትም ነበር። ብነግረው ይለምነኛል፣ ከለመነኝ ደግሞ እፈታለሁ ብዬ ነው።

አዳራሹ ሙሉ ነው። መድረኩ ላይ በትልቅ ጨርቅ ያ ቃሌ ተሰቅሏል። አስፋው ወጥቶ ሪፖርት አቀረበ። ያልተፈታ ቅሬታ የለም አለ። ተጨበጨበ። ከዚያ መድረክ መሪው «አሁን ደግሞ የዚህ ሐሳብ አባት፣ ከመርሳ ጋሽ ገዛኸኝ» ብሎ ጠራኝ። እንደገና ተጨበጨበ።

ቆምሁ። ወደ ጨርቁ ጠቆምሁና «ያ ቃል የእኔ ነው። ስህተት ነው። አውርዱት» አልሁ።

ሳቁ። ከኋላ አንዱ «ሽማግሌውን ጾሙ ጎዳቸው» ሲል ሰማሁት። አልተቀመጥሁም። ስምሽን ሳልጠራ ነገርኋቸው። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ዳቦ ማስቀመጫው፣ በስልክ ስላስባሉሽ ይቅርታ። «ያስታረቅናት መስሎን ያሳሰርናት እኛ ነን። ያሳሰርኋት እኔ ነኝ። እናንተም ስታጨበጭቡ ነበር፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ» አልሁ። አስፋው ኮቴን ይጎትታል። «ጋሼ፣ ገምጋሚ ፊት! እባክዎን!» ከዚያ መጎተቱን ተወ። ዞሬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል። «የቁልፉን የነገርኳት እኔ ነኝ» አለ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለማንም አይደለም።

መድረክ መሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «አስተያየትዎን ተቀብለናል። በሪፖርቱ ይካተታል። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ከመጻፋችሁ በፊት ለኤምባሲ ደውሉ። ከዒድ በኋላ ሌላ ከተማ ሊወስዷት ነው።»

«ከምሳ በኋላ እናየዋለን።»

«ምሳው ይደርሳል። እሷ ግን ላትኖር ትችላለች።»

«አባባ፣ ሥርዓት ይጠብቁ እንጂ!»

ሥርዓት የምለው እኔ ነበርሁ በየስብሰባው። እንደቆምሁ ቀረሁ። ሌላ ተናጋሪ ጠሩ፤ ሰውየው እኔ ቆሜ ሳለሁ መናገር ከበደው፣ ተመልሶ ተቀመጠ። የወንበር ጫፍ ይዣለሁ። በመጨረሻ የሺ ከፊት ወንበር ተነሥታ «የኤምባሲው ቁጥር ያለው ማነው?» አለች። የነገራት አስፋው ነው፤ በቃሉ ያውቀዋል። ለካ አንድም ቀን ተደውሎበት አያውቅም ኖሯል።

ስልኩ ሲነሣ የሺ ድምፁን ከፈተችው። ያነሣችው ሴት ሁሉን ሰማች። የዙልፋን ቁጥር ሰጠናት፤ ቤቱን እርሷ እንደምታሳይ ነገርናት። ከዚያ «ልጅቷ እንድንመጣ ተስማምታለች?» ብላ ጠየቀች።

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አጠገቤ ያለው ሰው «ተስማምታለች በላት እንጂ፣ ስልኩ ሳይቋረጥ» ብሎ ጎሸመኝ። አዎ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። በሌላ ሰው ፈንታ አዎ ማለት ለምጄዋለሁ።

«እኔ አላውቅም» አልሁ። «ዓርብ ጠዋት ዙልፋ ስልኳን ይዛ አጠገቧ ትሆናለች። እርሷን ጠይቋት።»

አልሁና ተቀመጥሁ።